እንግሊዝኛ የማያውቅ ጉበት

ላስ ቬጋስ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታክሲ ነድቻለሁ። ሙሽራ፣ ሰካራም፣ ኪሱን አራግፎ የወጣ ቁማርተኛ፣ ሁሉንም ከኋላዬ አስቀምጬ አመላልሻለሁ። ሰው ታክሲ ውስጥ ከገባ በኋላ ሾፌሩ ጆሮ ያለው አይመስለውም። በተለይ ሾፌሩ እንደኔ ጠቆር ብሎ፣ ቀጠን ብሎ፣ ፈገግ ብሎ ዝም ካለ፣ እንግሊዝኛ የማይሰማ ምስኪን ነው ብለው ይደመድማሉ። እኔም አላሳፍራቸውም። አንድ የፊት ዓይነት አለኝ፤ ቅንድቤን ከፍ፣ ከንፈሬን ላላ አድርጌ፣ ዓይኔን እንደ ተኛ በግ አፈዛለሁ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ «ይሄ ፊት ያንተ አይደለም፤ ምንም የማያውቅ ሰው ፊት ነው» ትለኝ ነበር። በዚያ ፊት ብዙ ቲፕ አላገኘሁም፤ የሰማሁት ጉድ ግን ለሦስት ሰው ዕድሜ ይበቃል።

አሁን የማጫውታችሁ ያ ፊት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ስለ ራሴ ጉድ ያሰማኝን ቀን ነው።

ጊዜው 2020 ነው። ያ ሁሉ መብራት ያለበት ጎዳና ሰው አልባ የሆነበት፣ ካዚኖዎቹ ተዘግተው ተከፍተው ግራ የገባቸው ዓመት። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ትንሽ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እኖር ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ማህሌት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባለው ሰፈር የምትኖር፣ ባንክ ውስጥ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት። አማርኛዋ ግን እንደ ጉልበቴ ነው፤ ተነስቶ እስኪቆም ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሌላው ሰው በቀለ ነው። ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ አብረን መጣን፣ አብረን ታክሲ ጀመርን፣ አብረን አረጀን። ሾፌሮቹ «በቀለ ሜትር» ይሉታል። እንደ ታክሲው ሒሳብ መቁጠሪያ እየሄደም ቆሞም ይቆጥራል፤ አፉ አይዘጋም ለማለት ነው።

በዚያ ሰመር ሆዴን አሞኝ ተመረመርኩና የአንጀት ካንሰር ተገኘብኝ። አንጀቴ ላይ ያለውን ቆርጠው አወጡት። ነገር ግን ጉበቴ ላይም ሰፍሮ ኖሯል። ዕቅዱ እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት ይሰጠኝና የጉበቴ ዕጢዎች ያንሳሉ፤ ከዚያ ሌላ ሐኪም ጉበቴን ከፍታ የቀረውን ትቆርጣለች። ይህንን ሁሉ ማን እንደነገረኝ ታውቃላችሁ? በቀለ! ቀጠሮውንም ስልኩንም ማህሌት ተረክባኝ ነበርና፣ እሷ ለእኔ ያለችኝ፣ «አባዬ፣ ሊቨርህ ላይ ስሞል ነገር አለ፤ መድኃኒት ይወስደዋል» ብቻ ነው። ለበቀለ ግን አልቅሳ ሁሉንም ነገረችው፤ አደራም አለችው። በቀለ አደራውን ይዞ ቤቴ እስኪደርስ ድረስ ቻለ። በሩ ላይ፣ «ካንሰር ነው አሉ፣ ጉበትህም ውስጥ ገብቷል፣ አትንገረው ብላኛለች» አለኝ በአንድ ትንፋሽ።

ኬሞው መጣ። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ነገር አያስነካም። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ከያዝኩ ጣቶቼን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝረኛል። ከተማው በሙቀት ሲቀልጥ እኔ የሱፍ ጓንት አድርጌ ፍሪጅ እከፍት ነበር። የገዛ ቤቴን የምዘርፍ ሌባ መስዬ! ቢሆንም ቻልኩት። ስካን ሲነሳ ዕጢዎቹ ማነሳቸው ተነገረ፤ ይህንንም ማህሌት ጮክ ብላ፣ እየዘለለች ነገረችኝ። ደግ ወሬ ሲሆን ትርጉሟ አያጥርም።

ከዚያ የቀዶ ጥገናዋ ሐኪም ቀጠሮ ደረሰ። አንድ የኅዳር ጠዋት ማህሌት በመኪናዋ ወሰደችኝ። በኮቪዱ ምክንያት አስታማሚ አይገባም፤ በሽተኛው ብቻ።

«አባዬ፣ እኔ እዚህ ፓርክ አድርጌ እጠብቃለሁ» አለችኝ። «ስልክህን ስፒከር ላይ አድርግ። እኔ ትራንስሌት አደርጋለሁ።»

«ምኑን ነው የምትተረጉሚው? እኔ እንግሊዝኛ ስናገር አንቺ ገና ዳይፐር ላይ ነበርሽ።»

«የሆስፒታል እንግሊዝኛ ሌላ ነው። ፕሊስ አባዬ። ዝም በል ብቻ።»

ዝም አልኩ። ስገባ አንዲት ነርስ እጇን እያወዛወዘች፣ ቃሉን እየጎተተች፣ «ሃ-ሎ! ሲ-ት! ሲ-ት፣ ኦኬይ?» አለችኝ፤ ጆሮዬ ተደፍኖ በሩቅ ተራራ ላይ የቆምኩ ይመስል። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ በተራ አነጋገሯ፣ «እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ልጁ ነግራናለች፣ በስልክ ታስተረጉማለች። ደስ የሚል ፊት አለው፣ ምስኪን» አለች።

ገባኝ። ልጄ ቀድማ ደውላ፣ እኔን በአንድ ስልክ ቋንቋ አልባ አድርጋኛለች። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። የድሮዋ ታክሲዬ ውስጥ የተመለስኩ መሰለኝ። ቅንድቤን ከፍ፣ ከንፈሬን ላላ አደረግሁ። በጉ ተኛ።

ሐኪሟ ገባች። ረጅም፣ ሽበት የጀመራት፣ ከማስክ በላይ ያለው ዓይኗ የማይቅበዘበዝ ሴት ናት። ለእኔ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝና ለስልኩ ማውራት ጀመረች። የምትለውን ወደ አማርኛ መልሼ ልንገራችሁ።

«ለአባትሽ ንገሪያቸው። ኬሞው ዕጢዎቹ ላይ ጥሩ ሠርቷል። ችግሩ፣ መድኃኒቱ ዕጢውን ብቻ አልነካም፤ ጤነኛውን ጉበትም ጎድቶታል። ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ተጎድተዋል። ጣፊያቸው አብጧል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ወርዷል። እኔ የጉበታቸውን ግማሽ ያህል ማውጣት አለብኝ። ጉበት ጤነኛ ከሆነ የቀረው ያድጋል፣ የጎደለውን ይተካል። እንዲህ ተጎድቶ እያለ ብቆርጠው ግን የሚቀረው ሥራውን ላይችል ይችላል። ጉበት ካልቻለ ሰው ይሞታል።»

ከስልኩ የመኪናው ኤሲ ሲነፋ ይሰማኛል። ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ።

«አባዬ… ዶክተሯ… ሊቨርህ ትንሽ ታየርድ ነው ትላለች። በጣም ጎበዝ ነህ ትላለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ በያት» አልኩ።

ሐኪሟ ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ያን ሁሉ በዚህ አጭር ጊዜ ነገርሻቸው?»

«አማርኛ አጭር ቋንቋ ነው» አለች ልጄ።

እዚህ ላይ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ማስኬ አዳነኝ። አማርኛ አጭር ቋንቋ! በቀለ ይህንን ቢሰማ ለአንድ ሳምንት ያወራበት ነበር። ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ ሌላው ነገር ከሥር መጣ። «ሰው ይሞታል።» ያ ሰው እኔ ነኝ። በእጄ ወንበሩን ያዝኩ።

ሐኪሟ ቀጠለች። «ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ኬሞውን አሁን አቁመን ጉበቱ እንዲያገግም ሳምንታት መጠበቅ፣ ከዚያ መቁረጥ። በጥበቃው መሃል ዕጢው መልሶ ሊያድግ ይችላል፤ አልደብቅም። ሁለተኛው፣ ቀዶ ጥገናውን ትተን በኬሞ መቀጠል ነው። ዛሬ እሱ ይቀላል። ነገር ግን ጉበታቸው እየባሰበት ይሄዳል፤ በኋላ ልቁረጥ ብል አልችልም። ዕጢዎቹ አንሰው አንሰው ከስካኑ ላይ ቢጠፉም ጥሩ አይደለም። አልታዩም ማለት የሉም ማለት አይደለም፤ ካላየኋቸው የት ብዬ ነው የምቆርጠው? እኔ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው። የሚወስኑት ግን እሳቸው ናቸው። ጠይቂያቸው።»

ጠበቅሁ። ጥያቄዬን ጠበቅሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የእኔ የሆነው እሱ ብቻ ነበር።

«አባዬ» አለች ማህሌት፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «መድኃኒቱ ይቀጥል ትላለች። ኦኬ?»

አፌን ሳልከፍት፣ በእንግሊዝኛ ለሐኪሟ፣ «አባቴ ኬሞውን መቀጠል ነው የምፈልገው ይላል» አለቻት።

ሐኪሟ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። እኔ እንዳልተናገርኩ አይታለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ደግሞ የገዛ ልጄ ናት፤ ውሸቷን ባጋልጥ አሳፍራታለሁ፣ ዝም ብል ልሞትላት ነው። እንደ ሰነፍ ተማሪ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ በጉን ቀሰቀስኩት።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ላቋርጥሽ» አልኩ በታክሲ እንግሊዝኛዬ። «አባቷ እንደሱ አላለም።»

የነርሷ እስክሪብቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከስልኩ ውስጥ፣ «ኦ ማይ ጋድ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«እንግሊዝኛ ይሰማሉ?» አለችኝ ሐኪሟ።

«ልጄ ስታስተረጉምልኝ ይጠፋብኛል። አሁን ግን እንዲህ እንዳለሁ ዛሬ ብትቆርጪኝስ?»

«ዛሬ አልቆርጥዎትም።»

«ብጠብቅስ?»

«ዕድል ይኖርዎታል። ዋስትና ግን ልሰጥዎት አልችልም።»

«እኔ የዚህ ከተማ ሰው ነኝ፣ ዶክተር። ዋስትና የሚሰጠኝ ሰው ሲመጣ ነው ኪሴን የምይዘው። ኬሞው ይቁም። ጉበቴ ይረፍ። ከዚያ ትቆርጪዋለሽ።»

ከማስኩ በላይ ዓይኗ ሳቀ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም። ግን እኔ ነኝ የመለስኩልሽ።»

ወደ ፓርኪንጉ ስመለስ ማህሌት መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ታለቅሳለች። ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ታውቅ ነበር!» አለች ድንገት ቀና ብላ። «ፌክ አደረግህ! እኔን ፌክ አደረግህ!»

«በምን አሳደግሁሽ? ያን ሁሉ ተሳፋሪ በአማርኛ ነው ያመላለስኩት?»

«ሊሞት ይችላል አለች፣ አባዬ! እንዴት እላለሁ እንደዛ ላንተ? ሃው?»

«እንዳለችው።»

«ትልቅ ሰዎች ሁሉ ለሲክ ሰው ባድ ነገር አይነገርም አሉኝ። ሆፕ ይቆርጣል አሉኝ። እማዬ ስትታመምም አንተ እራስህ…» አለችና ተወችው።

«እናትሽ እንዳይነገራት ለምና ነበር። እኔ አልለመንኩም» አልኩ። «ስሚኝ። ዶክተሯ ጉበቴን ለመቁረጥ ፈቃድ ጠየቀች። አንቺ ሳትጠይቂ ምላሴን ቆረጥሽ። ከሁለታችሁ የቷ ነች ያሳመመችኝ?»

ይህን ስል ቁጣዬ ወንድ አስመስሎኝ ነበር። ቀበቶ ላስር ብል ግን ጣቶቼ አልይዝ አሉኝ። «ይሄ ኬሞ ነው» አልኩ። ኬሞው አልነበረም። ማህሌት እጄን ይዛ ቀበቶውን አሰረችልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አልኳት፣ «ክፉ ወሬ ካለ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። ካንቺ አፍ። ሳታሳጥሪ።»

«ፕሮሚስ።»

«በአማርኛ።»

«ቃሌ… ቃሌ ነው» አለች እንደ ፈረንጅ እያጣመመችው።

ከዚያ ጥበቃው ጀመረ። ኬሞ የለም፣ ቢላዋም የለም፤ ጉበቴና እኔ ቁጭ ብለን መተያየት ነው። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ድምፁን የልቅሶ ቤት ያደርገዋል። «አይዞዎት ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይሉኛል፤ እኔም፣ «እግዚአብሔርማ ያውቃል፣ የምፈልገው እኔም እንዳውቅ ነው» ብዬ እዘጋለሁ። እኔን ለማልቀስ የቸኮለ ሰው ወረፋ ይጠብቅ!

እንደ በፊቱ የሚያናግረኝ በቀለ ብቻ ነበር። የጓሮዬን አጥር ከፍቶ ይገባና፣ ከሩቅ ተጣጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አንድ ቀን በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው?»

«ጥሬ ጉበት። አሁን የታረደ። ከሚጥሚጣ ጋር። ጉበት የጎደለውን ጉበት ነው የሚሞላው፤ ብላ!»

«ጥሬ ነገር ከልክለውኛል፣ አንተ ሰውዬ።»

«ያቺ ፈረንጅ ስለ ጉበት ምን ታውቃለች?»

«የምትቆርጠው እሷ ናት!»

«እሷ ትቁረጥ፣ እኛ እንጨምር» አለና ቢላዋውን አወጣ። እምቢ ስለው እዚያው ወንበሩ ላይ ብቻውን በላው። «ላንተ ብዬ ነው የምበላው» ይለኛል እያጣጣመ። በየሳምንቱ ለእኔ ሲል እንዲህ ተሰዋ። ሲጨርስ አፉን ጠርጎ ያየኝና፣ «ፊትህ የተቀቀለ ድንች መስሏል። ካለፈው ሳምንት ግን ይሻላል፤ ያኔ የተላጠ ነበር» ይላል። ያ ነበር ሪፖርቴ። አምነው ነበር።

ዓመቱ ተለወጠ። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። ስመረመር ፕሌትሌቱ ከፍ ብሏል፣ የጣፊያዬም እብጠት ጎድሏል ተባለ፤ ማህሌት ቃል በቃል፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችኝ። ደስታዬን ልነግረው በቀለ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። በነጋታውም አያነሳም። ሌሎቹን ጠየቅሁ። «ስልኩ ተበላሽቶ ነው»፣ «ልጁ ጋ ሄዶ ነው»፣ «ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዞት ነው» አሉኝ። ሦስት ሰው፣ ሦስት መልስ። ድምፃቸው ግን አንድ ዓይነት፣ ብሩህ፣ የተቀባ። የኋላ ወንበሩን በመስታወት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው እንዴት ፈገግ እንደሚል በድምፁም አውቃለሁ።

ቀዶ ጥገናው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ማህሌት በሥራ ሰዓቷ መጣች። ጓሮ ወጣች። የበቀለን ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች። ስታደርገው አይቻት አላውቅም።

«አባዬ» አለች። «ክፉ ወሬ አለ።»

ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ሁሉም ሰው ከሰርጀሪው በኋላ ንገሪው አሉኝ። ቄሱም። አሁን ከሰማ ይጎዳል አሉ። ግን ቃሌ ነው ብዬሃለሁ።» ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። «ጋሽ በቀለ ሞተ። በኮቪድ። ትናንት ማታ። ሆስፒታል ውስጥ። አንዷ ነርስ እጁን ይዛ ነበር።»

አማርኛ ሐዘን የደረሰበትን ሰው የሚያባብሉ ብዙ ቃላት አሉት፤ አረፈ፣ ተለየን፣ ከዚህ ዓለም ድካም ተገላገለ። ልጄ እነዚህን አታውቃቸውም። የምታውቀው አንዱን ቃል ነው፤ እሱን ነገረችኝ። ከእሷ በፊት ማንም በዚያ መጠን አክብሮኝ አያውቅም።

ጮኼ አለቀስኩ። የጎረቤቴ ውሻ አብሮኝ ጮኸ። ማህሌት «አይዞህ» አላለችኝም፣ «ለጤናህ» አላለችኝም፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲደክመኝ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «ሰርጀሪው ይቆይ? ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

ጠየቀችኝ።

«አይቆይም» አልኩ። «ያ ሰውዬ ያን ሁሉ ጥሬ ጉበት ለእኔ ሲል በልቶ፣ እኔ ልቅር? በሉ ይቁረጡኝ!»

በእንባዋ መሃል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በቀለ ቢኖር፣ «ሐዘንተኞች ናችሁ እናንተ?» ይለን ነበር።

ቀብሩን ከመኪና ውስጥ፣ ከሩቅ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሄጄ ተኛሁላቸው። ስነቃ ረጅሟ ሐኪም ራስጌዬ ቆማለች። «ጉበትዎ እንደፈራሁት አልነበረም። አገግሞ ነው የጠበቀኝ» አለችኝ። «የቀረው ትንሽ ነው፤ ግን ብርቱ ነው። ያድጋል።»

«በዚህ ዕድሜዬ ከእኔ የሚያድግ ነገር ተገኘ?» አልኳት። ሁለተኛ ሳቋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አደገም። የጸጉሬን አላውቅም እንጂ ጉበቴ ሥራውን ይዟል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ኬሞ መጥፎ ነው ስል አልሰማችሁኝም። እሱ ዕጢዎቹን ባያሳንሳቸው ኖሮ ቢላዋው ምንም ባልረባኝ። መድኃኒቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ ጉበቴ ከፍሏል። እኔ የማልቀበለው ሒሳቡ ለጎረቤት ሁሉ ተነግሮ፣ ለባለጉበቱ መደበቁን ነው። «ልቡ እንዳይሰበር» ትላላችሁ። ልቤ እኮ የእኔ ነው! ብፈልግ እሰብረዋለሁ፣ ብፈልግ እጠግነዋለሁ። እናንተ በደግነት ዝም ስትሉ በሽተኛው ፍርሃቱን ብቻውን ይዞ ይተኛል፤ ፊታችሁን እያየ፣ ስንት እንደቀረው ከፈገግታችሁ ውፍረት እየገመተ። ንገሩት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ንገሩት። እናንተም ታማሚዎች፣ ጠይቁ፤ ዝም ካሏችሁ እንደ እኔ በግ ምሰሉና አዳምጡ።

አሁንም በየጊዜው ስካን እነሳለሁ። ውጤት ሲመጣ ማህሌት ከሴንቴኒያል ሂልስ ድረስ ነድታ ትመጣለች፣ ጓሮ ወጥታ የበቀለን ወንበር ትዘረጋለች። ደግ ወሬ ከሆነ ገና ከአጥሩ በእንግሊዝኛ እየጮኸች እንድትገባ፣ ክፉ ከሆነ ግን ተቀምጣ በአማርኛ እንድትነግረኝ ተስማምተናል። አማርኛዋን ለማሻሻል እየተማረች ነው፤ አላስቸኩላትም። እስካሁን የሰማሁት እንግሊዝኛዋን ነው።